ተቃራኒ ስሌት፦ ከመልሱ ተነስቶ ወደ መነሻው ቁጥር መመለስ

በአንድ ቁጥር ላይ 9 ደምሩ፤ ካገኛችሁት ላይ መልሳችሁ 9 ቀንሱ። ቁጥሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በ4 አባዙትና ለ4 አካፍሉት፤ አሁንም ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይገኛል። አንዱ የሠራውን ሌላው ሲያፈርስ ሁለቱ ተቃራኒ ስሌቶች ይባላሉ። ነገሩ እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው፤ መደመርን መቀነስ እንደሚያፈርሰው የማያውቅ ተማሪ እምብዛም የለም። ስህተት የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው፦ ቅደም ተከተሉን ካለመገልበጥ፣ የማይታወቀው ቁጥር የት እንደተቀመጠ ካለማየት፣ እና ወደ ኋላ የማይመለስ ስሌት መኖሩን ከመርሳት። ስለዚህ ጥንዶቹን ቶሎ እናልፋቸውና በእነዚህ ላይ እንቆያለን።

ጥንዶቹ

መደመርና መቀነስ አንድ ጥንድ ናቸው። ማባዛትና ማካፈል ሌላ ጥንድ። አንድን ቁጥር በራሱ ማባዛት (ዳግም ርቢ) እና ዳግም ዘር ማውጣት ሦስተኛ ጥንድ ናቸው፤ ይሄኛው ግን የራሱ ጣጣ አለበት፣ ኋላ እንመጣበታለን።

ከአንድ የመደመር ስሌት ሌሎች ሦስት ስሌቶች ይወጣሉ። 38 + 47 = 85 ካላችሁ፣ 47 + 38 = 85፣ 85 − 47 = 38፣ 85 − 38 = 47 የሚሉትን አዲስ ሳታሰሉ መጻፍ ትችላላችሁ። በማባዛትም እንዲሁ ነው፦ 6 × 14 = 84 ከሆነ 84 ÷ 14 = 6፣ 84 ÷ 6 = 14። የማካፈል ሠንጠረዥን ለብቻው መሸምደድ አያስፈልግም የሚባለውም ለዚህ ነው። 56 ለ7 ሲካፈል ስንት ነው ተብሎ ሲጠየቅ «7 በስንት ቢባዛ 56 ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው፤ የማባዛት ሠንጠረዡን የያዘ ሰው መልሱ እጁ ላይ ነው።

ቀሪ ያለው ማካፈል ሲያጋጥም ቀሪው መረሳት የለበትም። 157 ለ12 ሲካፈል 13 ደርሶ 1 ይቀራል። ወደ ኋላ ሲመለስ 13 × 12 = 156፣ ከዚያ ቀሪው 1 ሲደመርበት 157 ይሆናል። ቀሪው ሁልጊዜ ከአካፋዩ ማነስ አለበት፤ ከበለጠ ወይም እኩል ከሆነ ማካፈሉ አላለቀም ማለት ነው።

መልስን መፈተሽ

ስሌትን ለመፈተሽ ብዙ ሰው የሚያደርገው ያንኑ ስሌት ደግሞ መሥራት ነው። ደካማ ዘዴ ነው። ዓይን አንዴ የሳተውን ሁለተኛም ይስተዋል። በተቃራኒ ስሌት ሲፈተሽ ግን የሚሄዱበት መንገድ ሌላ ስለሆነ ያው ስህተት የመደገም ዕድሉ ጠባብ ነው።

804 − 367 እንውሰድ።

1. ስሌቱን ሥሩ። ከ804 አንድ ቤት 4 ላይ 7 አይቀነስም፤ አስር ቤቱ ደግሞ 0 ስለሆነ የሚበደሩት የለም። ስለዚህ ከመቶ ቤት 1 ተበድሮ አስር ቤቱ 10 ይሆናል፤ ከእሱ 1 ተበድሮ አንድ ቤቱ 14 ይሆናል። 14 − 7 = 7፣ 9 − 6 = 3፣ 7 − 3 = 4። መልሱ 437።
2. ያገኛችሁትን መልስ ከቀነሳችሁት ቁጥር ጋር ደምሩ፦ 437 + 367 = 804።
3. ድምሩ ከመነሻው ቁጥር ጋር አንድ ከሆነ ስሌቱ ልክ ነው።

አሁን መበደርን የዘለለ ሰው የሚሠራውን እንይ። በየቤቱ ትልቁን ወስዶ ትንሹን ይቀንስበታል፦ 8 − 3 = 5፣ 6 − 0 = 6፣ 7 − 4 = 3። መልሱ 563 ይሆናል። ያንኑ ሰው እንደገና ሥራ ብትሉት እንደገና 563 ይጽፋል። 563 + 367 ደምር ብትሉት ግን 930 ያገኛል፤ 804 አለመሆኑን ሲያይ ስህተት እንዳለ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

ለማባዛት፣ 46 × 23 = 1058ን ለመፈተሽ 1058ን ለ23 አካፍሉ፤ 46 መምጣት አለበት። ሁለተኛውን ረድፍ አንድ ቤት ወደ ግራ ሳይገፋ የደመረ ተማሪ 138 + 92 = 230 ብሎ ይጽፋል። 230 ÷ 23 = 10 ነው። 46 ካለመሆኑም በላይ መልሱ ምን ያህል እንደራቀ በግልጽ ይታያል።

ለማካፈል፣ በጣም የተለመደው ስህተት መሃል ላይ ያለውን ዜሮ መዋጥ ነው። 1836 ÷ 6 = 306 መሆን ሲገባው 36 ተብሎ ይጻፋል፤ 3 ለ6 ስለማይካፈል ቦታውን በዜሮ መያዝ ተረስቷል። ፍተሻው ወዲያውኑ ይይዘዋል፦ 36 × 6 = 216።

በአስርዮሽ የተጠጋጋ መልስ ስትፈትሹ ግን ትንሽ ልዩነት ቢመጣ አትደንግጡ። 100 ÷ 7 ወደ 14.29 ተጠጋግቶ ከተጻፈ 14.29 × 7 = 100.03 ይሰጣል። ያቺ 0.03 ከማጠጋጋቱ የመጣች እንጂ ከስህተት አይደለችም።

ባዶው ቦታ የት ነው ያለው?

ብዙ ተማሪ የሚያውቀው ሕግ «ምልክቱን ገልብጥ» የሚል ነው። ግማሹን ጊዜ ይሠራል። የማይሠራበትን ለማየት እነዚህን አስተያዩ።

□ + 28 = 75 ሲሆን 75 − 28 = 47
□ − 28 = 75 ሲሆን 75 + 28 = 103
75 − □ = 28 ሲሆን 75 − 28 = 47
□ × 8 = 96 ሲሆን 96 ÷ 8 = 12
□ ÷ 8 = 96 ሲሆን 96 × 8 = 768
96 ÷ □ = 8 ሲሆን 96 ÷ 8 = 12

ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ልብ በሉ። በሁለቱም ምልክቱ አልተገለበጠም፤ መቀነስ በመቀነስ፣ ማካፈል በማካፈል ነው የተፈታው። ምክንያቱ ይኸው ነው፦ በ□ − 28 = 75 ውስጥ መቀነሱ የደረሰው በባዶው ቁጥር ላይ ነው፤ ስለዚህ 28ቱን ስንመልስለት ባዶው ይገለጣል። በ75 − □ = 28 ግን መቀነሱ የደረሰው በ75 ላይ ነው፤ ባዶው ራሱ ቀናሽ ነው። እሱን ለማፍረስ በሁለቱም በኩል ባዶውን መደመር አለብን፤ 75 = 28 + □ ይሆናል። አሁን ባዶው ላይ ያለው መደመር ስለሆነ በመቀነስ ይፈታል። አንድ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ነው ያፈረስነው፤ ሁለት ጊዜ ሲገለበጥ ደግሞ ምልክቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በ96 ÷ □ = 8ም እንዲሁ፦ በባዶው ስናባዛ 96 = 8 × □፣ ከዚያ ለ8 ስናካፍል 12።

ለማስታወስ የሚረዳው አባባል፦ ባዶው ከመቀነስ ወይም ከማካፈል ምልክት በኋላ ከመጣ ምልክቱን አትገልብጡ። በመደመርና በማባዛት ቁጥሮቹ ቦታ ቢለዋወጡም ውጤቱ ስለማይለወጥ ይህ ጥንቃቄ አያስፈልግም። ጥርጣሬ ካለ ደግሞ በትንንሽ ቁጥሮች መሞከር ነው፦ 5 − □ = 2 ሲሆን ባዶው 3 መሆኑ ግልጽ ነው፤ 3ን ከ5ና ከ2 እንዴት አገኘሁት? 5 − 2። ትልቁም የሚሠራው እንደዚያው ነው።

በቃል የተጻፉ ጥያቄዎች ላይ ደግሞ ቃሉ ያታልላል። «አንድ ቁጥር ከ40 በ15 ይበልጣል» ሲባል ቁጥሩ 55 ነው። «40 ከአንድ ቁጥር በ15 ይበልጣል» ሲባል 25 ነው። ሁለቱም ውስጥ «ይበልጣል» አለ። ቃሉን አይቶ ለመደመር ከመሮጥ በፊት ጥያቄውን እንዳለ በምልክት መጻፍ ይሻላል፦ የመጀመሪያው □ = 40 + 15፣ ሁለተኛው 40 = □ + 15። ከተጻፈ በኋላ ሥራው ከላይ ያየነው ነው።

ስሌት ሲደራረብ

ቁጥር ታስቦ በ4 ተባዛ፣ 9 ተደመረበት፣ 53 ሆነ። የታሰበው ቁጥር ስንት ነው?

1. የተደረገውን በተደረገበት ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉ፦ □ → ×4 → +9 → 53
2. ከሥሩ ከመጨረሻው ጀምራችሁ እያንዳንዱን በተቃራኒው ተኩ፦ 53 → −9 → ÷4 → □
3. አስሉ፦ 53 − 9 = 44፣ 44 ÷ 4 = 11።
4. 11ን ወደ ላይኛው መስመር መልሳችሁ አስገቡ፦ 11 × 4 = 44፣ 44 + 9 = 53። ልክ ነው።

መጨረሻ የተደረገው መጀመሪያ ይፈርሳል። አንድ ቤት ሄዶ የሚመለስ ሰው እንደሚያደርገው ማለት ነው፦ ሲሄድ በመጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ኋላ ወደ ግራ ታጥፎ ከሆነ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያገኘው የኋለኛው መታጠፊያ ነው፤ እሱንም ወደ ቀኝ ነው የሚታጠፈው። ቅደም ተከተሉም አቅጣጫውም ይገለበጣል። ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ አቅጣጫውን ይገለብጡና ቅደም ተከተሉን እንዳለ ይተዉታል። ከላይ ባለው ምሳሌ 53ን በቅድሚያ ለ4 ያካፈለ ሰው 13.25 ያገኛል፤ 9 ሲቀንስ 4.25። ወደፊት ሲሞከር 4.25 × 4 = 17፣ 17 + 9 = 26። ከ53 በጣም ይርቃል።

ሦስት ደረጃ ያለው፦ ቁጥሩ ለ3 ተካፈለ፣ 5 ተቀነሰ፣ በ2 ተባዛ፣ 14 ሆነ። ከኋላ ስንነሳ 14 ÷ 2 = 7፣ 7 + 5 = 12፣ 12 × 3 = 36።

ዘዴው ጥንታዊ ነው። የሕንዱ የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ አርያባታ እ.ኤ.አ. በ499 በጻፈው ሥራ ላይ አባዢው አካፋይ፣ አካፋዩ አባዢ፣ ተደማሪው ተቀናሽ፣ ተቀናሹ ተደማሪ እንደሚሆን በአጭር ግጥም አስቀምጦታል። ፊደልን በቁጥር ፋንታ የመጠቀሙ ልማድ ከመስፋፋቱ ብዙ ዘመን በፊት መሆኑ ነው፤ ዛሬም ፊደል ላስፈራቸው ልጆች በቀስት መጀመር የምመርጠው ለዚህ ነው።

በፊደል የተጻፈ እኩልታ

3ሀ + 7 = 31 ማለት ከላይ ካየነው ባለቀስት ጥያቄ የተለየ አይደለም። ባዶዋን ሳጥን ፊደል ተካት፤ 3ሀ ማለት 3 × ሀ ነው። ለውጡ አሠራሩን በሁለቱም በኩል መጻፋችን ብቻ ነው። ሮበርት ሪኮርድ የተባለው የዌልስ ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ በ1557 እ.ኤ.አ. የእኩል ምልክትን ሲያስተዋውቅ ሁለት ትይዩ መስመሮችን የመረጠው ከእነሱ የበለጠ እኩል የሆነ ነገር የለም ብሎ ነው። በአንዱ በኩል ያደረጋችሁትን በሌላው ካላደረጋችሁ ያ እኩልነት ይፈርሳል።

1. ሀ ላይ ምን ምን እንደተደረገበት በቅደም ተከተል ለዩ። መለየት ካቃታችሁ ሀን 10 አድርጋችሁ አስቡ፦ 3 × 10 = 30፣ ከዚያ + 7። ስለዚህ መጀመሪያ ተባዝቷል፣ ኋላ ተደምሮበታል።
2. የመጨረሻውን አፍርሱ። ከሁለቱም በኩል 7 ቀንሱ፦ 3ሀ = 24
3. ቀጣዩን አፍርሱ። ሁለቱንም ለ3 አካፍሉ፦ ሀ = 8
4. በመነሻው እኩልታ ላይ ተክታችሁ ፈትሹ፦ 3 × 8 + 7 = 31

ቅንፍ ሲገባ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። 5(ሀ − 4) = 35 ላይ ሀን 10 ብላችሁ ብታሰሉ መጀመሪያ 4 ትቀንሳላችሁ፣ ኋላ በ5 ታባዛላችሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈርሰው ማባዛቱ ነው፦ ሀ − 4 = 7፣ ሀ = 11። ቅንፉ ባይኖርና 5ሀ − 4 = 36 ቢሆን መጀመሪያ የሚፈርሰው መቀነሱ ነው፦ 5ሀ = 40፣ ሀ = 8።

ከመደመሩ በፊት ማባዛቱን ማፍረስ ክልክል ነው ወይ? አይደለም፤ ግን ሁሉም ነገር መካፈል አለበት። 3ሀ + 7 = 31ን ለ3 ካካፈላችሁ 7ቱም ይካፈላል፤ ሀ + 7/3 = 31/3 ይሆናል። ከዚያም ሀ = 24/3 = 8። ስህተት የሚሆነው ሀ + 7 = 31/3 ብሎ 7ቱን ሳያካፍሉ መተው ነው። ክፍልፋይ ውስጥ ላለመግባት ሲባል ብቻ ነው መደመሩን ማስቀደም የሚመከረው።

ሀ በሁለቱም በኩል ካለ መጀመሪያ ወደ አንድ በኩል ሰብስቡት። 7ሀ + 4 = 3ሀ + 24 ከሆነ ከሁለቱም 3ሀ ቀንሱ፦ 4ሀ + 4 = 24። የቀረው የተለመደው ነው፤ 4ሀ = 20፣ ሀ = 5። ፍተሻ፦ በግራ 35 + 4 = 39፣ በቀኝ 15 + 24 = 39።

«ቁጥሩ የእኩል ምልክቱን ሲሻገር ምልክቱ ይለወጣል» የሚለውን አቋራጭ ማስተማር የሚወዱ ብዙ ናቸው። በኔ አስተያየት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበዛል። −4ሀ = 28 የተሰጠው ልጅ አቋራጩን ይዞ ሀ = 28 + 4 = 32 ይላል፤ የመቀነስ ምልክቱን አይቶ ወደ መደመር ለወጠው። −4ሀ ግን −4 × ሀ ነው፤ ማባዛት ስለሆነ ለ−4 በማካፈል ይፈርሳል፤ ሀ = −7። «ምን ተሻገረ» ከማለት «ሀ ላይ ምን ተደረገ» ብሎ መጠየቅ ይህን ይከላከላል። 12 − 5ሀ = −18ም ያው ነው፦ ከሁለቱም 12 ስንቀንስ −5ሀ = −30፣ ለ−5 ስናካፍል ሀ = 6።

ክፍልፋይ

በ3/4 ማባዛት ሁለት ሥራ ነው፦ በ3 ማባዛትና ለ4 ማካፈል። ተቃራኒውም ሁለት ሥራ ነው፦ ለ3 ማካፈልና በ4 ማባዛት። ይህም በ4/3 ማባዛት ነው፤ ለክፍልፋይ ስናካፍል የአካፋዩ ላዕልና ታህት የሚገለበጡት ከዚህ የተነሳ ነው። የአንድ ቁጥር ሦስት አራተኛ 45 ከሆነ 45 ÷ 3 = 15 አንዱ አራተኛ ነው፤ 15 × 4 = 60 ሙሉው።

ድብልቅ ቁጥር ሲሆን በቅድሚያ ወደ ክፍልፋይ ይለወጣል። 2½ = 5/2 ስለሆነ ተገላቢጦሹ 2/5 ነው። ክፍልፋዩን ብቻ ገልብጦ ሁለቱን እንዳለ መተው የተለመደ ስህተት ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ቁጥርና ተገላቢጦሹ ሲባዙ 1 መስጠት አለባቸው፤ 5/2 × 2/5 = 1።

መቶኛ፦ ብዙ አዋቂም የሚሳሳትበት

አንድ ቁጥር በ20 በመቶ ጨምሮ 720 ሆነ። መነሻው ስንት ነበር? ከ720 ላይ 20 በመቶ ቀንሶ 576 የሚል ሰው አይጠፋም። 576 ላይ 20 በመቶ ሲጨመር ግን 691.2 ነው እንጂ 720 አይደለም። 20 በመቶው የተወሰደው ከመነሻው ነበር፤ አሁን የተቀነሰው ግን ከተጨመረበት ትልቅ ቁጥር ስለሆነ የተቀነሰው በዝቷል።

የመቶኛ ጭማሪ መደመር ይምሰል እንጂ ሥራው ማባዛት ነው። 20 በመቶ መጨመር በ1.2 ማባዛት ነው፤ ስለዚህ የሚፈርሰው ለ1.2 በማካፈል ነው።

1. የተለወጠውን መቶኛ ከ100 ጋር ደምሩ (ከጨመረ) ወይም ከ100 ቀንሱ (ከቀነሰ)። እዚህ 120።
2. ለ100 አካፍሉ፦ 1.2።
3. የመጨረሻውን ቁጥር በዚህ አካፍሉ፦ 720 ÷ 1.2 = 600።
4. ፈትሹ፦ የ600 ሃያ በመቶ 120 ነው፤ 600 + 120 = 720።

ቅናሽ ከሆነም እንዲሁ። 15 በመቶ ተቀንሶ 510 የሆነ ቁጥር 510 ÷ 0.85 = 600 ነበር። የ25 በመቶ ጭማሪን የሚያፈርሰው የ20 በመቶ ቅናሽ ነው፤ ምክንያቱም 1 ÷ 1.25 = 0.8። የ50 በመቶ ቅናሽን የሚያፈርሰው ደግሞ የ100 በመቶ ጭማሪ ነው። ይህን የመጨረሻውን ማሰብ የተሳሳተውን ልማድ ቶሎ ይሰብራል፦ በግማሽ የቀነሰ ነገር ወደ ቦታው የሚመለሰው እጥፍ ሲሆን ነው።

ዳግም ርቢና ዳግም ዘር

9² = 81። ወደ ኋላ ስንመለስ √81 = 9። ግን (−9)² ደግሞ 81 ነው። ስለዚህ ሀ² = 81 ሲባል መልሶቹ ሁለት ናቸው፣ 9 እና −9። አንዱን ብቻ መጻፍ ግማሽ መልስ ነው። ሀ የካሬ ጎን ርዝመት ከሆነ −9 ትርጉም ስለማይኖረው ይጣላል፤ የሚጣለው ግን አውቀነው እንጂ ረስተነው መሆን የለበትም። በሣልስ ርቢ ይህ ችግር የለም፦ (−2)³ = −8፣ 2³ = 8፤ የ−8 ሣልስ ዘር −2 ብቻ ነው።

ቅደም ተከተሉ እዚህም ይሠራል። 2ሀ² + 3 = 53 ላይ መጀመሪያ 3ቱ ይቀነሳል፣ 2ሀ² = 50፤ ከዚያ ለ2 ይካፈላል፣ ሀ² = 25፤ መጨረሻ ዳግም ዘሩ ይወጣል፣ ሀ = 5 ወይም ሀ = −5። √36 = 18 የሚል ልጅ ካጋጠማችሁ ዳግም ዘርን ከግማሽ ጋር አምታቶታል፤ 18 × 18 እንዲያሰላ አድርጉት።

የማይመለሱ ስሌቶች

በዜሮ ማባዛት አይፈርስም። 7 × 0 = 0፣ 1000 × 0 = 0፤ ዜሮውን ብቻ ይዞ ከየት እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። ለዜሮ ማካፈል የማይፈቀደውም ከዚሁ ነው። 6 ÷ 0 = □ ማለት □ × 0 = 6 ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። 0 ÷ 0 = □ ደግሞ □ × 0 = 0 ይላል፤ ይህን ሁሉም ቁጥር ያሟላዋል፣ ስለዚህ አንድ መልስ የለውም።

ማጠጋጋትም እንዲሁ ነው። 3.7ም 4.2ም ወደ ሙሉ ቁጥር ሲጠጋጉ 4 ናቸው። ቀሪውን ጥሎ ድርሻውን ብቻ መያዝም መመለሻውን ያጠፋል። በረጅም ስሌት መሃል ማጠጋጋት የማይመከረው ለዚህ ነው፤ እስከ መጨረሻው ጠብቁ።

ቀመርን መገልበጥ

ሙቀትን ከሴልሺየስ ወደ ፋራናይት ለመለወጥ በ1.8 ተባዝቶ 32 ይደመራል። ከፋራናይት ወደ ሴልሺየስ ስንመለስ መጀመሪያ 32 ይቀነሳል፣ ከዚያ ለ1.8 ይካፈላል። 98.6 ፋራናይት፦ 98.6 − 32 = 66.6፣ 66.6 ÷ 1.8 = 37። ማካፈሉን ያስቀደመ ሰው 22.8 ገደማ ያገኛል፤ በጤነኛ ሰው የሰውነት ሙቀት ፋንታ የክፍል ሙቀት መሆኑ ነው።

የአራት ማዕዘን ዙሪያ 38፣ ወርዱ 7 ቢሆን፣ ዙሪያው የተገኘው ርዝመትና ወርድ ተደምረው በ2 ተባዝተው ነው። ስለዚህ 38 ÷ 2 = 19፣ 19 − 7 = 12 ርዝመቱ። 38 − 7 = 31፣ 31 ÷ 2 = 15.5 ያለ ሰው ሁለተኛውን ወርድ ረስቷል።

ለመለማመድ

ሀ) 120 − □ = 45
ለ) ቁጥሩ 6 ተደምሮበት፣ ለ5 ተካፍሎ 9 ሆነ
ሐ) 8 − 3ሀ = −13
መ) ቁጥሩ በ30 በመቶ ጨምሮ 910 ሆነ
ሠ) 3ሀ² − 5 = 43

መልሶቹ፦ ሀ) 75። 165 ካገኛችሁ የባዶውን ቦታ ሳታዩ ምልክቱን ገልብጣችኋል። ለ) 39። 15 ከሆነባችሁ ቅደም ተከተሉ አልተገለበጠም፦ መጀመሪያ 6 ቀንሳችሁ ኋላ በ5 አባዝታችኋል። ሐ) 7። −7 ከመጣ ከ3ቱ ፊት ያለችው የመቀነስ ምልክት መንገድ ላይ ጠፍታለች። መ) 700። 637 ከሆነ 30 በመቶው የተቀነሰው ከ910 ላይ ነው። ሠ) 4 ወይም −4። 4 ብቻ ከጻፋችሁ ወደ ዳግም ዘሩ ክፍል ተመለሱ።